የኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ ታሪክ

ከቆቦ ተነሥቶ በወልድያ በኩል ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ በአምባሰል አገር ውጫሌን ያገኛል። የዚህን ቦታ ስም በዓለም ካስጠሩት ሰዎች አንዱ ኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ ነውና፥ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እንነግራለን።

አንቶኔሊ በ1845 ዓ.ም. በሮማ ተወለደ። ወደ ሸዋ የመጣው የኢጣልያ የጂኦግራፊ ማኅበር ከላካቸው አገር መርማሪዎች ጋራ ሊተባበር ነበር፤ ከአሰብ በአውሳ በኩል ወደ ሸዋ የሚያደርሰውንም መንገድ ተመላለሰበት። ኋላ ግን አገር መርማሪው የመንግሥት መልእክተኛ ኾነ፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከዳግማዊ ምኒልክ ጋራ የውጫሌን ውል ተዋዋለ።

በውሉ 17ኛ ክፍል አማርኛው፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋራ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መላላክ ይቻላቸዋል ሲል፥ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ከዚህ የተነሣው ጠብ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ብዙ ደም አፈሰሰ። አንቶኔሊም በአገሩ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴና የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ምክትል እስከ መኾን ደርሶ፥ በ1893 ዓ.ም. በብራዚል ሞተ።

እንግዲህ ልጆቻችንን የባዕድ ቋንቋ ስናስተምር ለጌጥ ብቻ አይምሰለን። ያላነበበውን ጽሕፈት በማኅተሙ የሚያጸና አባት፥ የማያውቀውን ዕዳ ለልጁ ያወርሳል።