ልጁን ለሸኹ ሰጥተን እንዳንረሳው

ወሎ የቂርአት አገር ነው። በራያ አና፣ በየጁ ዳና፣ ወደ ደቡብ ስንወርድም ጀማ ንጉሥና ሾንኬ ከሩቅ ደረሳ ሲሰበሰብባቸው የኖሩ ስመ ጥር ቦታዎች ናቸው። በቆየው ልማድ ሸኹ ደመወዝ፣ ደረሳውም ክፍያ አያውቁም፤ የአካባቢው ሰው እህል ያዋጣል። የቆሎ ተማሪን ሕይወት ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ወላጅ ልጁን ሲልክ ቁርኣኑን ብቻ ሳይሆን አደብም እንዲማርለት ነው። በቆቦ ቆላ በነርስነት ስሠራ እንዳየሁት፣ አደብ የሚገባው በዕለት ኑሮ ነው። ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ተራ ጠብቆ መቅራት፣ ከአንድ ሳህን ተካፍሎ መብላት አለ። ትልቁ ደረሳ ታናሹን ያስቀራል። ለሶላት ውዱእ የሚያደርግ ልጅ በቀን ደጋግሞ ፊቱን ስለሚታጠብ ከትራኮማ ይጠበቃል፤ ፎጣ በጋራ ከተጠቀሙ ግን በሽታው ከዓይን ወደ ዓይን ይሻገራል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሰብር ነው። ትዕግሥት ትልቅ ጸጋ ቢሆንም ልጆች አንዳንዴ ሕመምን መደበቅ ይመስላቸዋል። አንድ ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ደረሳ ትኩሳት በያዘው በሦስተኛው ቀን ጓደኞቹ በቃሬዛ ተሸክመው አመጡልን። ወባ ነበር። «ለምን ዝም አልክ?» ስለው «ሰብር አድርጌ» አለኝ። ጓደኞቹ እየተፈራረቁ አስታመሙትና ዳነ። ሸኹም ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ታናናሾቹን «አመማችሁ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ትልቅ ደረሳ መደቡ። እኔ ያየሁት መልካም የአደብ ትምህርት ይህ ነው።

ስለዚህ እናቶች፣ አባቶች፣ አያቶችም፣ ልጁን ከመላካችሁ በፊት የት እንደሚተኛ፣ ውኃ ከየት እንደሚቀዳ፣ አጎበር እንዳለው እዩ። ሲያጠፋ እንዴት እንደሚቀጣ ሸኹን በአክብሮት ጠይቁ። ትኩሳት በያዘው ቀን፣ ቢዘገይ በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ እንዲደርስ ተነጋገሩ። በተለይ ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ ሲበረታ ሄዳችሁ ጠይቁት። ለብቻው አውሩት፤ በሸኹ ፊት የማይነግራችሁ ነገር ሊኖር ይችላል። ስትሰናበቱትም «ሲያምህ መናገር ነውር አይደለም» በሉት።