ከእንዶድ አረፋ እስከ ወባ ምርመራ

እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ያጥቡበት የነበረው የእንዶድ ፍሬ በውኃ ሲታሽ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የተባለ ውህድ ስላለው ነው። (ዶክተር አክሊሉ ለማ እንዶድ ቢልሃርዝያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያረጋገጡትም በዚሁ ውህድ ኃይል ነው።) ከሌሎች ዕፀዋት የሚገኝ ሳፖኒን ደግሞ የወባን ተሕዋስ ከተሸሸገበት ቀይ የደም ሕዋስ ለማውጣት ያገለግላል።

ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሕዋስ የሚኖርበት ሕዋስ ከፕሮቲኑ 95 በመቶ በላይ የሚሆነው ሄሞግሎቢን ነው። ትሬገርና ጄንሰን እ.ኤ.አ. በ1976 ተሕዋሱን በቤተ ሙከራ ያለማቋረጥ ማርባት መቻላቸውን ቢያሳዩም፣ በእንዲህ ባለው እርባታ እንኳ የሚያዙት ሕዋሳት ብዙውን ጊዜ ከመቶ ጥቂቶቹ ናቸው። ደሙን እንዲሁ ብንመረምር የምናየው ሄሞግሎቢን ብቻ ነው ለማለት ይቻላል።

ሳፖኒን የሚጣበቀው ከኮሌስትሮል ጋር ነው። የቀይ ሕዋሱ ሽፋን ኮሌስትሮል ስለሚበዛበት ይበሳል፣ ሄሞግሎቢኑም ይፈስሳል። የተሕዋሱ የራሱ ሽፋን ግን ኮሌስትሮል ስለሚያንሰው ሳይበሳ ይቆያል። በሴንትሪፉጅ ሲሽከረከር ቀዩ ፈሳሽ ከላይ ይቀራል፤ ተሕዋሳቱ ከታች ይዘቅጣሉ። ዝቃጩን የሚያጠቁረው ተሕዋሱ ሄሞግሎቢንን ፈጭቶ የሚያስቀረው ሄሞዞይን ነው። ዝቃጩ ደጋግሞ ይታጠባል፣ ከዚያም በዴተርጀንት ይሟሟል። እዚህ ላይ የሚዘናጋ ተመራማሪ ይከስራል፤ ሄሞግሎቢንን የሚፈጩት የተሕዋሱ ኢንዛይሞች ሲለቀቁ የምንፈልገውንም ፕሮቲን ይቆራርጡታልና። ሥራው በበረዶ ላይ፣ ኢንዛይም አጋጅ ተጨምሮ መከናወን አለበት።

የሚደፋው ቀይ ፈሳሽስ? ተሕዋሱ ወደ ቀይ ሕዋሱ የሚልከው ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን የሚገኘው በዚያ ውስጥ ነው። ከአሚኖ አሲዶቹ ሲሶ ያህሉ ሂስቲዲን በመሆኑ ኒኬል ላይ ይጣበቃል፤ ፈሳሹ ኒኬል በያዘ ዓምድ ውስጥ ሲያልፍ እርሱ ተይዞ ይቀራል፣ አብዛኛው ሄሞግሎቢን ያልፋል። በጤና ጣቢያ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም ፋልሲፓረምን የሚለዩ ብዙ ፈጣን መመርመሪያዎች የሚፈልጉት ይህንኑ ፕሮቲን ነው።

ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ኢትዮጵያ ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን በምትዋሰንባቸው አካባቢዎች የፕሮቲኑ ጂን የጎደላቸው ተሕዋሳት መኖራቸውን አሳይቷል። በጥናቱ ግምት፣ በዚህ ሳቢያ ከፋልሲፓረም ሕሙማን 9.7 በመቶ ያህሉ በመመርመሪያው ይታለፋሉ። ስለዚህም ላክቴት ዲሃይድሮጂኔዝ የተባለውን ኢንዛይም የሚፈልጉ መመርመሪያዎች ትኩረት አግኝተዋል። ተሕዋሱ ኃይል የሚያገኘው በዚህ ኢንዛይም እየታገዘ ነውና በቀላሉ ሊጥለው አይችልም። በሳፖኒን ስንለይም ይህን ኢንዛይም የምናገኘው ከታች፣ በጥቁሩ ዝቃጭ ውስጥ ነው።