ለልጅ ብስክሌት ቀላል ሹካ ሲመረጥ

ሰሞኑን በእኛ ቤት የሚወራው ስለ ሹካ ነው። የምግቡን ማለቴ አይደለም፤ የብስክሌቱን ነው። የፊቱን ጎማ ከግራና ከቀኝ ይዞ ከመሪው ጋር የሚያገናኘውን፣ ጎማው ድንጋይ ሲመታ ገባ ወጣ እያለ ንዝረቱን የሚውጠውን ዕቃ ልጆቹ «ፎርክ» ይሉታል። የ16 ዓመት የልጅ ልጄ ቅዳሜና እሁድ ከጓደኞቹ ጋር እንጦጦ ይወጣል፤ ሲመለስ ደግሞ በአስፋልቱ ሳይሆን በባሕር ዛፉ መሀል ባለው ቀጭን መንገድ፣ በሥሩና በድንጋዩ ላይ እየዘለለ ነው የሚወርደው። ዋሽንግተን ያለችው አክስቱ ለዕረፍት ስትመጣ ምን እንድታመጣለት ብትጠይቀው ሹካ አላት። ለእኔም በስልኩ ፎቶ አሳየኝ፤ «እማማ፣ ከሁሉም የሚቀለው ይሄ ነው። 1 ኪሎ ከ300 ግራም ብቻ!»

የዚህ ዓይነቱ ሹካ ዋጋ ከልጁ ሙሉ ብስክሌት ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ገንዘቡ ብቻም አይደለም የሚያሳስበኝ። በድንገተኛ ክፍል ለዓመታት ስሠራ ከብስክሌት የወደቁ ልጆችን ተቀብያለሁ። በመሪው ላይ ተሽቀንጥሮ የወደቀ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ወይ የእጅ አንጓው ነው፣ ወይ ትከሻውን ከደረቱ የሚያያይዘው ቀጭን አጥንት። ልጁን ቁልቁል ሲወርድ ቀጥ አድርጎ የሚይዘው የፊት ጎማ ነው፤ ጎማውን የሚይዘው ደግሞ ሹካው። ስለዚህ የሠፈራችንን ብስክሌት ሠሪ ቁጭ ብዬ ጠየቅሁት፣ የአምራቾቹንም መመሪያ ከልጁ ጋር እያነበብን ሰነበትን።

መጀመሪያ የገባኝ ነገር ከሙያዬ ጋር የሚመሳሰል ሆኖ ስላገኘሁት ደስ ብሎኛል። እኛ ነርሶች ለልጅ መድኃኒት የምንሰጠው በኪሎው ነው። ለ70 ኪሎ አዋቂ የተመጠነውን ለ40 ኪሎ ልጅ አንሰጥም። በርካሽ ብስክሌቶች ላይ የሚገጠመው ሹካ ግን እንደዚያ ነው፤ ውስጡ የብረት ሞላ አለ፣ ሞላው የአዋቂ ክብደት ታስቦ የተሠራ ነው፣ ሊስተካከል የሚችለውም ጥቂት ነው። ቀጠን ያለ ልጅ ሲቀመጥበት ጭራሽ አይገባም። ልጁ ወደ 2 ኪሎ ተኩል የሚመዝን ብረት ፊቱ ላይ ተሸክሞ ይሄዳል እንጂ ጥቅም አያገኝበትም። የአየሩ ሹካ ግን በሞላ ፈንታ የታመቀ አየር ስላለው በልጁ ክብደት ልክ ይነፋል። ልጁ 5 ኪሎ ሲጨምር ትንሽ አየር ይጨመራል፣ በቃ። ስለዚህ ከሞላው ወደ አየሩ መሄድ ዋናው ትርፉ መቅለሉ ብቻ አይደለም።

ክብደቱን እንግዲህ እናስላው። የልጅ ልጄ 52 ኪሎ ነው፤ ብስክሌቱ 14 ኪሎ ይመዝናል፤ ድምሩ 66። የሞላውን ሹካ ጥሎ በ1 ኪሎ የሚቀል ቢገጥም ከጠቅላላው የሚቀንሰው አንድ በመቶ ተኩል ገደማ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ዳገት ላይ ይኼ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ፊቱ ሲቀል መሪውን ማንሳትና ማዞር እንደሚመች ልጁ ይነግረኛል፣ አምነዋለሁ። ነገር ግን በስልኩ ባሳየኝ 1 ኪሎ ከ300 እና ለእንደነዚህ ዓይነት ጫካ መንገዶች በተሠራው 1 ኪሎ ከ700 መካከል ያለው ልዩነት 400 ግራም ነው። ከግማሽ ሊትር ውኃ ያንሳል። ዳገቱ ሳይጋመስ ጠጥቶ የሚጨርሰው ነው!

ታዲያ ያ 400 ግራም የት ሄደ? እጅግ ቀላል የሆኑት፣ ለምሳሌ የሮክሾክስ ሲድ ዓይነቶቹ፣ በመጀመሪያ የታሰቡት ለውድድር ነው። ሲጨመቁ የሚገቡት ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሜትር ሲሆን ቀጭን ሆነው የተሠሩም አሉ። ለጫካ ቁልቁለት የሚመረጡት ደግሞ ከ120 እስከ 150 ሚሊ ሜትር ይገባሉ፤ እንደ ፎክስ 34 ወይም እንደ ሮክሾክስ ፓይክ ያሉት እግራቸው 34 እና 35 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ቀጭኑ እግር ድንጋይ መሀል ፍሬን ሲያዝ ወደ ኋላ ይለመጣል፣ መሪውም ልጁ ካሰበው መስመር ይወጣል። ልጁ በለስላሳ መንገድ ብቻ የሚነዳ ቢሆን በ52 ኪሎው ቀላሉ ይበቃው ነበር። እሱ ግን ይዘላል። በዚያ ላይ ገና ያድጋል፤ የዛሬ ሦስት ዓመት 65 ኪሎ ቢሆን አይገርመኝም። እኔ የመረጥኩት 34ቱን ነው። ትንሽ አኩርፏል።

አሁን ሻንጣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት መታየት ያለበትን ልንገራችሁ፤ ከውጭ ዘመድ የሚልከው ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ሹካው አናት ላይ ወደ ብስክሌቱ አንገት የሚገባ ቱቦ አለው። የድሮ ብስክሌቶች አንገት ከላይ እስከ ታች እኩል ነው፤ የአሁኖቹ ሹካዎች ቱቦ ግን አብዛኛው ታች ላይ ይወፍራል። የወፈረው በቀጭኑ አንገት አይገባም፣ በመዶሻም አይሆንም። የጎማው መጠን፣ 26 ይሁን 27.5 ወይም 29፣ ከሹካው ጋር መግጠም አለበት። ጎማውን የሚያስረው ፐርኖም ሌላ ጣጣ ነው፤ የድሮው ጎማ በ9 ሚሊ ሜትር ይታሰራል፣ አዲሶቹ ሹካዎች በአብዛኛው 15 ሚሊ ሜትር ፐርኖ ይፈልጋሉ፣ ስለዚህ የፊት ጎማ አብሮ መቀየር ሊመጣ ነው። ቸርኬውን በጎማ ቁራጭ ከጎንና ከጎን ቆንጥጦ የሚያቆም ፍሬን ያለው ብስክሌትም ከአዲሶቹ ጋር አይስማማም፤ እነሱ የሚቀበሉት የዲስክ ፍሬን ነው። የኛው ብስክሌት ለ120 ሚሊ ሜትር ሹካ የተሠራ በመሆኑ 150ውን አልፈቀድኩም። ፊቱ ከፍ ሲል አካሉ ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል፣ መሪውም ይልፈሰፈሳል። ያገለገለ የሚገዛ ካለ ደግሞ የአንገቱ ቱቦ በአጭሩ ተቆርጦ እንደሆነ በሜትር ያስለካ፤ አጭር ቱቦ አይቀጠልም።

ሲገጠም የሚስተካከለው እንዲህ ነው። አየሩ የሚሞላው በራሱ ትንሽ የእጅ ፓምፕ ነው፤ ጎማ ቤት ባለው ኮምፕሬሰር ፈጽሞ አይሞከርም። ፓምፑ ላይ ያለችው ክብ መለኪያ ዕድሜዬን ሙሉ ስይዛት የኖርኩትን የደም ግፊት መለኪያ ስለምትመስል ሥራውን ለእኔ ተዉልኝ ብያለሁ። በክብደቱ የሚመከረው የግፊት መጠን ብዙ ጊዜ ሹካው እግር ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከዚያ ልጁ ሄልሜቱንና ቦርሳውን እንዳደረገ ግድግዳ ተደግፎ በብስክሌቱ ላይ ይቆማል፤ በሹካው እግር ላይ የታሰረችው ላስቲክ እስከ ጎሚኒው ትገፋለች፤ ሳይዘል ቀስ ብሎ ይወርዳል። ላስቲኳ የራቀችው ርቀት ከጠቅላላው ከ15 እስከ 20 በመቶ መሆን አለበት፤ ለ120ው ሹካ ከ18 እስከ 24 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ካነሰ አየር ይቀነሳል፣ ከበዛ ይጨመራል። ፓምፑ ሲነቀል የሚሰማው ፍስስታ ከቱቦው የሚወጣ አየር ነው። በነጋታው መልሰው ሲሰኩት ደግሞ አየሩ ወደ ቱቦው ስለሚከፈል መለኪያዋ ዝቅ አድርጋ ታሳያለች፤ ሹካው አፈሰሰ ብላችሁ አትደንግጡ። ከታች ባለችው ቁልፍ ላይ የኤሊና የጥንቸል ሥዕል ካያችሁ፣ ሹካው ከተጨመቀ በኋላ የሚመለስበት ፍጥነት ነው። ቀላል ልጅ አየሩም ትንሽ ስለሆነ ወደ ጥንቸሏ ይጠጋ።

አንድ የከፍታ ጉዳይም አለ። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በሲሶ ገደማ ያንሳል። ዝቅ ባለ አገር የተገጣጠመ ሹካ ታችኛው እግሩ ውስጥ የታሰረው አየር እዚህ ሲደርስ፣ አውሮፕላን ውስጥ እንደሚያብጠው የብስኩት ላስቲክ ይወጠርና ሹካውን ያደርቀዋል። አንዳንዶቹ ይህን አየር የሚያስተነፍስ ትንሽ ቁልፍ ከኋላቸው አላቸው። የሌላቸውን ሠሪው ለስላሳ የላስቲክ ማሰሪያ በጎሚኒው ሥር አሾልኮ ያስተነፍሳል። ወላጅ ቤት ውስጥ ባይሞክረው እመርጣለሁ።

ለትንንሾቹ፣ ከ10 ዓመት በታች ላሉት፣ ምከሪን ብትሉኝ ሞላም አየርም የሌለው ጠጣር ሹካ ግዙላቸው። ይቀላል፣ አይበላሽም፤ ወፈር ያለ ጎማ ትንሽ ለስለስ ተደርጎ ከተነፋ ንዝረቱን ይችላል። በአስፋልት ብቻ ለሚነዳ ታዳጊም ቢሆን እንዲሁ። በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ የነዳው የመንገድ ብስክሌት እንኳ እንዲህ ያለ ሹካ የለውም። የተረፈው ገንዘብ ሄልሜት ይግዛ።

አክስቱ ከሹካው ጋር ትርፍ ጎሚኒና የሹካ ዘይት እንድትይዝ አዝዣታለሁ። ሮክሾክስ የታችኛው እግር በየ50 ሰዓቱ ተከፍቶ እንዲጸዳና ዘይቱ እንዲቀየር ይመክራል፤ በሳምንት 4 ሰዓት ለሚነዳ ልጅ በየሦስት ወሩ ማለት ነው። የመኪና ዘይት አይሆንም። እግሩ ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት፣ በጎሚኒው ዙሪያ የሚያረጥብ ዘይት፣ ወይም የፊት ፍሬን ተይዞ ብስክሌቱ ወደፊትና ወደ ኋላ ሲገፋ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለ ሳይነዳ ይታይ። በክረምት ጭቃ ሲመለስም ወደ ላቫጆ አይሂድ፤ የግፊቱ ውኃ ጭቃውን በጎሚኒው አሳልፎ ወደ ውስጥ ይከተዋል። ባልዲ፣ ጨርቅና ለብ ያለ ውኃ ይበቃል።