ሥራ ፈላጊው ጀግና

ዲግሪ አለው፣ ሥራ ግን የለውም። አማኑኤል ጥላሁን ይባላል፤ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። ማስረጃውን ይዞ ሥራ ፍለጋ ሲንከራተት አንድ ቀን ከሰው በላይ የሆነ ኃይል ያገኝና ጀምበር የሚባል ጀግና ይሆናል። ይህን አዲስ ችሎታ ሲቪው ላይ «ሌሎች ክህሎቶች» ከሚለው ሥር ይጨምረው ይሆን? እንጃ።

የዚህ ታሪክ ደራሲ ብሥራት ደበበ ነው። አዲስ አበባ ያደገ፣ ኑሮውን አሜሪካ ያደረገ ወጣት ሲሆን ኢታን ኮሚክስ የሚባለውን አሳታሚም የመሠረተው እሱ ነው። የጀምበር የመጀመሪያ ቅጽ እ.ኤ.አ. በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲወጣ የውጭ ሚዲያዎች ሳይቀሩ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሱፐርሂሮ ኮሚክ ብለው ተቀበሉት። ዓመቱ ራሱ ገራሚ ነበር። በየካቲት ወር ብላክ ፓንተር ሲኒማ ቤቶችን አጨናነቀ። በኅዳር ደግሞ የዚያ ገጸ ባሕርይ አንዱ ፈጣሪ ስታን ሊ በ95 ዓመቱ አረፈ።

ስታን ሊን ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። ሰውዬው ኮሚክ ቤት የገባው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜው፣ ተላላኪ ሆኖ ነው። ሃያ ዓመት ገደማ የታዘዘውን ሁሉ ሲጽፍ ከረመና በ1961 ከሠዓሊው ጃክ ከርቢ ጋር ፋንታስቲክ ፎርን አወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት ከስቲቭ ዲትኮ ጋር ስፓይደርማንን። ከዚያ በፊት የነበረው ጀግና ባብዛኛው እንከን የለሽ ነበር። ፒተር ፓርከር ግን ገንዘብ የቸገረው፣ አክስቱ የምታሳስበው ተማሪ ነው። አንባቢው ወደ ሰማይ አንጋጦ ከሚያየው ጀግና ይልቅ እንደሱ ወር መድረስ የሚያቅተውን ወደደ።

ብሥራት የያዘውም ይህንኑ መንገድ ነው፤ ችግሩን ግን ከዚህ፣ ከኛው ነው ያመጣው። የኒውዮርክ ልጅ የቤት ኪራይ ያስጨንቀዋል። የኛ ልጅ ግን ጭንቀቱ ከዚያ ቀድሞ ይጀምራል፤ ለጀማሪ በተለጠፈ ማስታወቂያ ላይ «የሁለት ዓመት ልምድ» የሚል ያነባል። ኢኮኖሚክስ ስንማር ሥራ አጥነትን በግራፍ ነበር የምናውቀው። ነቀምቴ ላይ ከወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ጉቴ እናቱ ቤት የተመለሰ ልጅ አማኑኤልን ለማወቅ ግራፍ አያስፈልገውም። እኔ እንደሚመስለኝ የጀምበር ትልቁ ብልሃት እዚህ ላይ ነው፤ ካባውና ጡንቻው ሁለተኛ ነው።

ስለ አጻጻፉ ትንሽ ልበል። የኮሚክ ደራሲ ከልብወለድ ደራሲ የሚለየው የሚጽፈውን መጀመሪያ የሚያነበው ሠዓሊ በመሆኑ ነው። እያንዳንዱ ገጽ ስንት ሥዕል እንደሚኖረው፣ በየሥዕሉ ማን የት እንደቆመ፣ ምን እንደሚናገር ይወስናል። ስታን ሊ አቋራጭ ነበረው፤ የታሪኩን አጽም ብቻ ይሰጥና ሠዓሊው ስሎ ሲያመጣለት ንግግሩን ይሞላል። (ማን ምን ፈጠረ የሚለው ጭቅጭቅም ከዚያ የመጣ ነው፤ ከርቢና ዲትኮ የድርሻቸውን ክብር አላገኙም ብለው የሚከራከሩ እስካሁን አሉ።) የጀምበር ሠዓሊ ስታንሊ ኦቤንዴና ቀለም ቀቢው ዋሊዩ ኤዱ ናይጄሪያውያን ናቸው። እስቲ አስቡት፦ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ታክሲ፣ በር ላይ ተንጠልጥሎ የሚጣራ ረዳት፣ ትከሻ ላይ ጣል የተደረገ ነጠላ። እኛ ሳናስበው የምናውቀው ነገር ሁሉ ለሌላ አገር ሠዓሊ መነገር አለበት።

አማርኛውስ? እዚህ ላይ ቋንቋችን የተፈጠረው ለኮሚክ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። «ጧ»፣ «ዥው»፣ «ብልጭ»፣ «እልም»፤ «አለ» የምትለዋን ግሥ ጣል ስታደርግባቸው ዓረፍተ ነገር ይሆናሉ። እንግሊዝኛ ለፍንዳታ ድምፅ ቃል ሲፈጥር ይውላል፤ እኛ ከአያት የወረስነው አለን። በሥዕል መተረኩም ቢሆን ከውጭ የመጣብን ነገር አይደለም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ ብዙ ጊዜ በ44 ትንንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ በሸራ ላይ የሚያሳየው የአገራችን ሥዕል፣ ኮሚክ ካልሆነ ምንድን ነው?

ከጀምበር ቀጥሎ የመጣችው ሃዊ ናት፤ በአፋን ኦሮሞ ምኞት፣ ተስፋ ማለት ነው። እምነት ለገሰ የምትባል አሜሪካ ያለች ልጅ ሳትፈልግ ከእናቷ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ትመጣለች፤ እናቷ ይጠለፋሉ፤ ፍለጋው የእሷ ይሆናል። ከጀምበር ይልቅ እሷን ወድጃታለሁ። አማኑኤል ከተማውን ያውቀዋል፤ እሷ ግን «አገርሽ ነው» የተባለችውን ቦታ ገና መማር አለባት፤ ይህ ታሪኩን የበለጠ ያወጥረዋል።

ሃዊ እ.ኤ.አ. በ2019 ገንዘብ ያሰባሰበችው በኪክስታርተር ነው፤ አንባቢው መጽሐፉ ሳይታተም በፊት ይከፍላል። ዘዴው ጥሩ ነው፤ የኮሚክ ዋናው ወጪ ሠዓሊውና ቀለም ቀቢው ናቸው፤ አንድ ሰው አነበበው ሺህ ሰው፣ ያ ወጪ አይለወጥም። ችግሩ፣ በኪክስታርተር ለመክፈል ዓለም አቀፍ ካርድ ያስፈልጋል። ዲያስፖራው አለው። ጉቴ ያለው ልጅ የለውም። ቴሌብር የመጣው በ2013 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ታሪኩ የተጻፈለት ሥራ ፈላጊ ወጣት፣ ገዝቶ ከሚያነበው ሰው መካከል ላይገኝ ይችላል።

ኢንተርኔቱም አለ። በ2012 ዓ.ም. አጋማሽ በወለጋ ብዙ ቦታዎች ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ገደማ ተቋርጦ እንደነበር አንረሳውም። ኔትወርክ ሲጠፋ ዌብሳይት ላይ የተቀመጠ ጀግና አብሮ ይጠፋል። ስልክ ላይ የወረደ ፋይል በብሉቱዝ ያልፋል፤ የታተመ ቅጽ ደግሞ ገጹ እስኪላቀቅ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። እንግዲህ የኛን አካባቢ አንባቢ የሚፈልግ አሳታሚ ይህን ከመጀመሪያው ማሰብ አለበት፤ አፋን ኦሮሞንም እንዲሁ።

የታሪክ እጥረት እንደሆነ የለብንም። አስቴር ጋኖን ውሰዱ። በልጅነቷ ተሽጣ በመርከብ ስትጓጓዝ በ1886 ጣሊያኖች ከባርነት ነፃ አወጧት፤ ኤርትራ ውስጥ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረች። ከዚያ በቃሏ የያዘችውን የኦሮሞ ተረት፣ እንቆቅልሽና ዘፈን 500 ያህል አድርጋ በጽሑፍ አሰፈረች። ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ያዘጋጀችው የንባብ መጽሐፍ በ1894 ታተመ፤ በ1899 በታተመው የኦሮሞ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ላይም እጇ አለበት። በ1904 ወደ ወለጋ ተመለሰች፤ ነቀምቴ ላይም አስተማረች። ስታን ሊ ቢሰማ ኖሮ ሃያ ቅጽ ያወጣላት ነበር። ልዩ ኃይሏ ደግሞ ግልጽ ነው፦ የሰማችውን አትረሳም።

ለመጀመር ማተሚያ ቤት መጠበቅ አያስፈልግም። የደቡብ ኮሪያ ሰዎች ዌብቱን የሚሉት ከላይ ወደ ታች እየተንሸራተተ የሚነበብ ኮሚክ የስልክ ስክሪንን አስቦ የተሠራ ነው። እንደ አይቢስ ፔይንት ያሉ የሥዕል አፖች በነፃ ይወርዳሉ፤ በጣትም ይሠራሉ። አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ይስላል። አራት አምስት ሥዕል ያላት ክፍል በቴሌግራም ስትለቀቅ ብዙ ዳታም አትበላ። ጉቴና ነቀምቴ መካከል ከሚመላለሰው ታክሲ ውስጥ የሚሰማውን ወሬ ብቻ ብትጽፉት እንኳ የመጀመሪያው ቅጽ ይሞላል።