ዩዌታን፦ ጨረቃ የመንግሥት ጉዳይ የነበረችበት መሠዊያ

በቤጂንግ ምዕራብ፣ ድሮ የፉቸንግመን በር ከነበረበት ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ዩዌታን የሚባል መናፈሻ አለ። ትርጉሙ የጨረቃ መሠዊያ ነው። አካባቢው በሙሉ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው፤ ስታዲየሙ ዩዌታን፣ ጎዳናዎቹም ዩዌታን ናቸው። የቻይና ብሔራዊ የስታቲስቲክስ ቢሮ ሳይቀር አድራሻው ደቡብ ዩዌታን ጎዳና ነው። ይህን ስም ለሰፈሩ ያወረሰው እ.ኤ.አ. በ1530 የተሠራ አንድ መድረክ ነው። የሚንግና የቺንግ ሥርወ መንግሥታት ነገሥታት፣ ወይም ወኪሎቻቸው፣ በዓመት አንድ ምሽት እዚያ ላይ ወጥተው ለጨረቃ መሥዋዕት ያቀርቡ ነበር።

የጨረቃ ነገር ሲነሳ ግጥምና ናፍቆት ይታወሱን ይሆናል። እዚህ ግን ጨረቃ የመንግሥት ጉዳይ ነበረች። ማዕረጓ፣ ቀለሟ፣ ቁጥሯና ሰዓቷ በደንብ ተወስኖላት ነበር።

መሠዊያውን ያሠራው የሚንጉ ንጉሠ ነገሥት ጂያጂንግ ነው። በ1521 ዙፋን ላይ የወጣው ወራሽ ሳይተካ የሞተውን የአጎቱን ልጅ ተክቶ ነው። ገና ከመግባቱ፣ ሟች አባቱ በንጉሠ ነገሥትነት ማዕረግ ይከበርልኝ ብሎ ከሹማምንቱ ጋር ዓመታት የፈጀ ሙግት ገጠመና ረታ። ቀጥሎ ፊቱን ወደ መንግሥቱ የአምልኮ ሥርዓት አዞረ። እስከዚያ ድረስ ሰማይና ምድር መሥዋዕት የሚቀርብላቸው ከከተማዋ በስተደቡብ፣ በ1420 በተሠራ አንድ አዳራሽ ውስጥ ባንድነት ነበር። ሺያ ያን የተባለ ሹም ለየብቻቸው ይሁኑ ብሎ ሐሳብ ሲያቀርብ ንጉሡ የልቡን አገኘ። ሥራው በ1530 ተጀመረና ቤጂንግ በአራት መሠዊያዎች ተከበበች፤ የሰማይ በደቡብ፣ የምድር በሰሜን፣ የፀሐይ በምሥራቅ፣ የጨረቃ በምዕራብ። ጨረቃ ምዕራብ የደረሳት ያለ ምክንያት አይደለም። ወር ሲጠባ ቀጭኗ ጨረቃ መጀመሪያ የምትታየው ፀሐይ በገባችበት በኩል ነው፤ የጥንት የቻይና የሥርዓት መጻሕፍትም መወለጃዋን ምዕራብ ያደርጉታል።

የመሠዊያው ብልሃት ያለው ቁጥሮቹ ላይ ነው። በቻይናውያን አስተሳሰብ ዓለም የሚንቀሳቀሰው በሁለት ኃይሎች ነው፤ ብርሃንና ሙቀት ያለው ያንግ፣ ጥላና ቅዝቃዜ ያለው ዪን። ጎዶሎ ቁጥር የያንግ፣ ሙሉ ቁጥር የዪን ነው። ፀሐይ ያንግ ስለሆነች የመሠዊያዋ ጎን በቻይና የርዝመት መለኪያ 5 ዣንግ፣ የደረጃዋ እርከን 9 ተደረገ። ዪን የሆነችው ጨረቃ ደግሞ ጎኗ 4 ዣንግ፣ ማለትም 13 ሜትር ገደማ፣ ከፍታዋ 4 ቺ ከ6 ጹን፣ ማለትም አንድ ሜትር ተኩል የማይሞላ፣ በአራቱም ጎን የደረጃዋ እርከን 6 ሆነ። ዙሪያውን ያለው ዝቅተኛ አጥር ለፀሐይ ክብ፣ ለጨረቃ አራት ማዕዘን ነው። ዜማውም ቢሆን ከዚህ ሕግ አያመልጥም። በቺንግ ዘመን ለሰማይ 9፣ ለምድር 8፣ ለፀሐይ 7፣ ለጨረቃ 6 ክፍል ያለው ዜማ ይቀርብ ነበር። ማዕረጉ እያነሰ ሲወርድ ጎዶሎና ሙሉ እየተፈራረቁ መውረዳቸውን ልብ ይሏል። ሥርዓቱን የሚያውቅ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ዜማውን ቢቆጥር የትኛው መሠዊያ ላይ እንዳለ አይጠፋውም ነበር።

ቀለሟ ነጭ ነው። የሚቀርበው የከበረ ድንጋይ ነጭ፣ ሐሩም ነጭ ነበር። በ1748 የቺንጉ ንጉሠ ነገሥት ቺያንሎንግ የመሥዋዕት ሳህኖች በሸክላ እንዲሠሩና በቀለም እንዲለዩ ደነገገ፤ ለሰማይ ሰማያዊ፣ ለምድር ቢጫ፣ ለፀሐይ ቀይ። ለጨረቃ የተመረጠው «የጨረቃ ነጭ» የሚሉት፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ፈዛዛ ቀለም ነበር።

ሥርዓቱ የሚፈጸመው በመኸር ወቅት፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ዕለት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 12 ወይም 13 ግድም። ፀሐይ መሥዋዕቷን በፀደይ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ ስትቀበል፣ የጨረቃ ግን በሚንግ ዘመን ከምሽቱ ሦስት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ነበር። ንጉሡ ራሱ የሚመጣው በየሦስት ዓመቱ ነው፤ በሌሎቹ ዓመታት ሹም ይወክላል። ሲመጣ ደወሉ ይደወላል፤ ወደ ልብስ መቀየሪያው አዳራሽ ገብቶ የሥርዓቱን ልብስ ይለብሳል። ከዚያ ሌሎቹን በሮች ትቶ ስድስት ምሰሶ ባለው በምሥራቁ በር በኩል ይገባል፤ ፊቱን ወደ ምዕራብ፣ የጨረቃዋ ስም ወደ ተጻፈበት ሰሌዳ አዙሮ ይሰግዳል። ጨረቃ ብቻዋን አልነበረችም። አምስቱ ፕላኔቶች፣ የቻይና ከዋክብት ቆጣሪዎች ሰማዩን የከፈሉባቸው 28ቱ ማደሪያዎችና የቀሩት ከዋክብት ሁሉ አብረዋት መሥዋዕት ይቀበሉ ነበር። ማረጃው፣ ማዕድ ቤቱ፣ የጕድጓድ ውኃውና የዕቃ ግምጃ ቤቱ እዚያው ቅጥር ውስጥ ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስገርማል። ቀንና ሌሊት የሚተካከሉበት ዕለት የሚወሰነው በፀሐይ እንጂ በጨረቃ አይደለም። ስለዚህ በዚያ ምሽት ጨረቃ ሙሉ ልትሆን፣ ቀጭን ልትሆን፣ ጭራሽ ላትታይም ትችላለች። ንጉሡ ግን መሥዋዕቱን አያስቀርም፤ የሚፈጽመው ለሥርዓቱ እንጂ ለብርሃኗ ስላልነበር። ሕዝቡ ሌላ ቀን ነበረው፤ በጨረቃ አቆጣጠር የስምንተኛው ወር 15ኛ ሌሊት፣ ጨረቃ ሙሉ ሆና የምትወጣበት። የቤጂንግ ቤተሰቦች በግቢያቸው ጠረጴዛ ዘርግተው ፍራፍሬና ክብ የጨረቃ ኬክ ያቀርቡ ነበር፤ ለልጆችም ቱአርዬ የሚባል የጥንቸል ምስል ከሸክላ እየተሠራ ይሸጥ ነበር። ወንድ ለጨረቃ አይሰግድም፣ ሴትም ለምድጃው አምላክ መሥዋዕት አታቀርብም የሚል አባባልም ነበር። በየቤቱ የሴቶች የሆነው ስግደት በዩዌታን የአገሩ የመጀመሪያ ወንድ ሥራ ነበር ማለት ነው።

ንጉሣዊው ሥርዓት በ1911ዱ አብዮት ሲወድቅ መሥዋዕቱም አብሮ ቀረ። ግቢው ወታደር ሰፈረበት፤ ዛፎቹ ተቆረጡ። በ1955 የሕዝብ መናፈሻ ሆነ። በባህል አብዮቱ ዘመን መድረኩ ፈረሰና በቦታው የቴሌቪዥን ማሰራጫ ማማ ቆመ። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ደግሞ ዩዌታን ሲባል ቤጂንግ የሚያስታውሰው ቴምብር ነበር፤ የታወቀ የቴምብር ገበያ እዚህ ደርቶ ነበርና።

ዛሬ ጎብኚው በሮቹን፣ የደወሉን ማማና የልብስ መቀየሪያውን አዳራሽ ያገኛል። የሰማይ መሠዊያ ከ1998 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ ጎብኚ ሲጎርፍበት፣ ወደ ዩዌታን የሚያዘልቀው ባዕድ ጥቂት ነው። አራቱ የታሰቡት ግን ባንድ እጅ፣ እንደ አንድ ሥራ ነው፤ የደቡቡን ብቻ ያየ ሰው ሩቡን ነው ያየው። የፈረሰው መድረክ ምን ይመስል እንደነበር የሚሻ ከተማዋን አቋርጦ ወደ ፀሐይ መሠዊያ ወደ ሪታን ይሂድ። መድረኩ እዚያ አለ፤ ዘጠኙን እርከን ይቁጠርና ሦስት ይቀንስ፣ ክቡን አጥር አራት ማዕዘን ያድርገው፣ ፊቱንም ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ያዙረው።