ልጁን የሚድር አባት በመርካቶ

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ባሉት ጥቂት ሳምንቶች በአዲስ አበባ ሠርግ እንደሚበዛ የታወቀ ነው። ጾሙ ከገባ ለክርስቲያኑ ሠርግ የለምና፥ ልጁን ለመዳር ያሰበ ሁሉ በነዚህ ሳምንቶች ይጣደፋል፤ የሚጣደፈውም ሰው ከየትኛውም ሠፈር ቢሆን መንገዱ ወደ መርካቶ ይመራዋል። የሙሽራይቱ ጥልፍ ቀሚስና የአባትየው ጋቢ ከሸማ ተራ፥ በርበሬው ከበርበሬ ተራ፥ ድስቱና ብርጭቆው፥ ቄጠማውና እጣኑ ሳይቀር ከዚሁ ከአዲስ ከተማ ገበያ ይወጣል። «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚባለው ምሳሌ ሳይሰናዳ እንግዳ ለደረሰበት ደጋሽ የሚነገር ነው፤ በርበሬ ተራ አጠገብ ለሚኖር ሰው ግን እምብዛም የሚያሳፍር አይደለም፥ በሠርጉ ዋዜማም ቢሆን በርበሬ አያጣምና።

ስለ ሠርግ ሲወራ ዘወትር የሚነሡት ሙሽሮቹ ናቸው፤ ስለ እናትም ድካምና ዕንባ ብዙ ተብሏል። አባት ግን ወጪውን የሚከፍል፥ በወንበር ላይ ተቀምጦ እንግዳ የሚቀበል ሰው ብቻ መስሎ ይታያል። ይልቁንም የመርካቶ ነጋዴ የሆነ አባት፥ ዕድሜውን ሙሉ ለሌላው ሰው ሠርግ ሲሸጥ ኖሮ በልጁ ሠርግ ጊዜ እርሱ ራሱ ገዢ የሚሆን ሰው፥ ሁኔታው በደንብ ሊታይለት የሚገባ ነው።

መርካቶ ዛሬ በአለበት ስፍራ የተስፋፋው ጣሊያን አገራችንን በያዘባቸው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት ነው። ከዚያ በፊት ትልቁ ገበያ በአራዳ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበረ። ወራሪው የአገሩን ሰው ከነጩ ለይቶ ለማኖር ሲል ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛወረው። ለመለየት የታሰበው ስፍራ ግን ከልዩ ልዩ አገር የመጣውን፥ ጉራጌውንና ስልጤውን፥ ዶርዜውንና አማራውን፥ ኦሮሞውንና ትግሬውን፥ ሐረሬውንም ሳይቀር አገናኝቶ አንድ ሠፈር አደረገው። በአንድ ተራ ጎን ለጎን ሲነግዱ ከኖሩት ሁለት ጎረቤታሞች አንደኛው ወደ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን፥ ሁለተኛው ወደ አንዋር መስጊድ የሚሄዱ ቢሆኑም፥ በልጆቻቸው ሠርግ አይለያዩም። ክርስቲያኑ ደጋሽ ለሙስሊም ወዳጆቹ የሚሆነውን ከብት ከእነርሱ አንዱን ጠርቶ ያሳርዳል፤ ድስቱንም፥ ገበታውንም፥ ወጥ የምትሠራውንም ሴት ለይቶ ያሰናዳል። ይህን ማንም ሕግ አላዘዘውም፤ ይህን የዘነጋ አባት ግን ድግሱ የቱን ያህል ቢያምር ልጁን በሚገባ ድሯል አይባልም።

እንግዲህ «ዳረ» የሚለው ቃል በአማርኛችን የአባት ቃል ነው። ወንዱ «አገባ» ይባላል፤ ሴቲቱ «ተዳረች» ትባላለች፤ የዳራት ግን አባቷ ነው። ቃሉ ራሱ እንደሚያሳየው በቀድሞው ዘመን አባት ሰጪ፥ ልጂቱም የምትሰጥ ነበረች። ፈቃዷንም የሚጠይቃት አልነበረም።

ይህም በባላገሩ ቤት ብቻ የነበረ ልማድ አይደለም። በ1875 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር ያደረጉትን ስምምነት ለማጽናት ልጃቸውን ዘውዲቱን ለንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ሲድሩ፥ ሙሽራይቱ ገና የስድስት ዓመት ሕፃን ነበሩ። ባላቸው በ1880 ዓ.ም. ሞቱ፤ እርሳቸውም ኋላ ወደ አባታቸው አገር ተመልሰው በ1909 ዓ.ም. ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ተብለው ነገሡ። ከዚያም ወዲህ በ1924 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጃቸውን ልዕልት ዘነበወርቅን ገና በልጅነታቸው ለዚያው ለራስ አርአያ ሥላሴ የልጅ ልጅ፥ ለደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ዳሩ። ልዕልቲቱ ከተዳሩ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ዐረፉ። ሁለቱን ቤቶች እንዲያስተሳስር የታሰበውም ጋብቻ የታሰበለትን አልፈጸመም፤ በ1928 ዓ.ም. ጦርነቱ በተጀመረ ጊዜ አማቹ ለጠላት አደሩ። ዛሬ በአዲስ አበባ «ዘነበወርቅ» የሚባለውን ሠፈር ስም በየቀኑ የሚጠራው ተሳፋሪ ሁሉ ስሙ በልጅነቷ የተዳረች የአንዲት ሴት ስም መሆኑን ያስባል ማለት ያስቸግራል።

እነዚህ አባቶች ልጆቻቸውን አይወዱም ነበር ለማለት አይቻልም። ዘመኑ ሴት ልጅን የሰላም ማሰሪያ አድርጎ ይቈጥር ነበርና፥ አባት ልጁን በመስጠቱ እንደሚያከብራት ያምን ነበረ። ነገር ግን ፍቅር ብቻውን ልጂቱን ከጉዳት እንዳላዳናት ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሕጉ የተለወጠው ቀስ በቀስ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለጋብቻ ወንዱን 18 ዓመት፥ ሴቲቱን ግን 15 ዓመት ይበቃቸዋል ብሎ ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ34ኛው አንቀጽ ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንዲመሠረት ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፥ በአዲስ አበባም የሚሠራበት እርሱ ነው፥ ለሁለቱም 18 ዓመትን ወሰነ፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ዕድሜዋ ያልደረሰን ልጅ ማግባትን በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገው። ሆኖም በ2008 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ25 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች ገሚሶቹ 17.1 ዓመት ሳይሞላቸው እንዳገቡ አሳይቷል፤ የወንዶቹ ልክ ግን 23.7 ነበረ። በአዲስ አበባ ሴቶች ከዚህ እጅግ ዘግይተው ነው የሚያገቡት። ስለዚህ በመርካቶ የሚድር አባት በድንኳኑ ውስጥ የሚያያት ሙሽራ ትምህርቷን የጨረሰች፥ ብዙ ጊዜም ደመወዝ የምታገኝ ሴት ናት፤ ከክፍለ ሀገር ለሠርጉ የመጡት አክስቶቿ ግን በእርሷ ዕድሜ የሦስትና የአራት ልጆች እናቶች የነበሩ ናቸው። በአንድ ድንኳን ውስጥ ሁለት ዘመን ተቀምጧል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሽማግሌ መላክ ግን አልቀረም። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ቆመው ጉዳያቸውን ይናገራሉ፤ አባትም እስኪያስቀምጣቸው ድረስ ክብሩን ይጠብቃል። ቀድሞ «ዘመድ ልጠይቅ» ብሎ ቀጠሮ ይሰጥ ነበረ፤ ዛሬ «ልጄን ልጠይቅ» ይላል። ልጂቱ ራሷ ሽማግሌዎቹ የሚመጡበትን ቀን ከእጮኛዋ ጋር እንደ ቈረጠች እርሱም ያውቃል፥ እነርሱም ያውቃሉ፤ ቢሆንም ወጉ ሳይፈጸም አይቀርም። ነጋዴ በመሆኑ ደግሞ በቀጠሮው ሳምንት ስለ ሙሽራው በየተራው ይጠይቃል። ዘሩን ከመጠየቁ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጠባዩን ነው፤ ዱቤ ወስዶ በቀኑ ይከፍላልን? ቃሉን ሰጥቶ ያፈርሳልን? ለአንድ የመርካቶ ሰው ከዚህ የተሻለ የምስክር ወረቀት የለም።

የጥሎሹ ነገር ደግሞ የሚያስቅም የሚያስጨንቅም ነው። ቀሚሱ፥ ጫማው፥ ወርቁ፥ ሽቶው በሽማግሌዎቹ ፊት አንድ በአንድ እየተዘረጋ ሲታይ፥ ሌላው ዘመድ በውበቱ ሲደነቅ፥ የመርካቶው አባት እያንዳንዱ ዕቃ ከየትኛው ተራ እንደተገዛና ስንት እንደወጣበት ገና ሳይነካው ያውቃል። ከጎረቤቱ ሱቅ የተገዛ ነገር ሳይኖርበትም አይቀርም። ወጉ ግን ዝም እንዲል ያዝዘዋል፤ ዝም ይላል። በዕድሜው ሁሉ ዋጋ ሲናገር የኖረ ሰው ዋጋ እያወቀ የማይናገርበት ቀን ይህ አንዱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ገንዘቡ ከወዴት ይመጣል ቢባል፥ ብዙውን ጊዜ ከእቁብ ነው። በመርካቶ እቁብ ዳኛና ጸሐፊ ያለው፥ ዋስ የሚጠራበት፥ ከባንክ ያላነሰ የሚታመን ማኅበር ነው። ልጁን የሚድር አባት ቀኑ መቅረቡን ለዳኛው ይናገራል፤ እጣው የደረሰው ሰው በፈቃዱ ይለቅለታል፤ ተራው ሲመጣ እርሱም ለሌላው እንዲሁ ያደርጋል። ይህ መረዳዳት የተመሰገነ ነው። የማይመሰገነው ግን የተገኘው ገንዘብ ሁሉ በአንድ ቀን እንዲያልቅ መፈለጉ ነው። በአበባ የተጌጡት መኪናዎች፥ የአዳራሹ ኪራይ፥ ካሜራው፥ የማይበላው የምግብ ዓይነት ብዛት ከዓመት ወደ ዓመት እየጨመረ ሄዷል። የእቁቡን ገንዘብ በልቶ ያሳለፈ አባት ከዚያ በኋላ ለወራት ሳያገኝ ይከፍላል፤ ሱቁም የሚጎድለው ሸቀጥ ይኖራል። ብዙ አባቶች ይህን ያውቁታል፤ ነገር ግን «የእገሌ ልጅ ሠርግ ከዚህ ይበልጥ ነበር» መባልን ከዕዳው ይልቅ ይፈሩታል። ልጆቹ ራሳቸው «አባባ፥ ይቅርብን» የሚሉበት ቤት አለ፤ እንዲህ የሚሉት ልጆች ለአባታቸው ያበረከቱት ስጦታ ቀላል አይደለም።

የሠርጉ ቀን በደረሰ ጊዜ አባት ከሁሉ አስቀድሞ ይነሣል። ድንኳኑን ይዞራል፤ ወጥ ቤቱን ያያል፤ የሚቀመጡት እንዳይጠቡ፥ የሚጠጡት እንዳያንስ ይጠይቃል። ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር ሲደርስ ልጃገረዶቹ በደጁ ቆመው በዘፈን ይከለክላሉ፤ የውጭዎቹም በዘፈን ይመልሳሉ፤ አንዱ መግባት ሲሻ ሌላው ሲከለክል ደጁ ይናወጣል። አባት ይህን ከውስጥ ሆኖ ይሰማል። ወጥቶ እንዲያስገባቸው አይጠበቅበትም፤ ለማስከልከልም አይችልም። የልጂቱን የሕፃንነት ዘመን የሚያስታውሰው በዚህች ሰዓት ነው ይላሉ ልጅ የዳሩ አባቶች። ሸማ ጥቅል ላይ ተኝታ ስታድግ፥ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የዕለቱን ሒሳብ ስትደምርለት ያያታል።

በሙስሊሙ ነጋዴ ቤት የአባት ስፍራ በግልጥ የተቈረጠ ነው። በኒካሑ ጊዜ የልጁ ወሊይ ሆኖ በምስክሮች ፊት ቃሉን የሚሰጥ እርሱ ነው፤ ፈቃዷ ግን አስቀድሞ ይጠየቃል። ሙሽራው የሚሰጠው መህርም የልጂቱ ገንዘብ ነው እንጂ የአባትየው አይደለም። ዱዓው ሲደረግ እጆቹ ወደ ላይ ተዘርግተው የሚንቀጠቀጡ አባት፥ በማዶው ድንኳን ጋቢውን ደርቦ ከተቀመጠው ክርስቲያን ጎረቤቱ የሚለየው በቃሉ ብቻ ነው።

ሙሽሮቹ ለመሄድ ሲነሡ አባትና እናት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሙሽራይቱና ሙሽራው ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ይስማሉ። በዚያን ጊዜ ከበሮው ዝም ይላል፤ ሚዜዎቹም ይታገሣሉ። አባት እጁን በልጁ ራስ ላይ አድርጎ ይመርቃታል፤ ውለዱ፥ ክበዱ፥ ቤታችሁ የእንግዳ ይሁን፥ እኛን ጧሪ ቀባሪ ያድርጋችሁ ይላል። አንዳንዱ አባት ቃሉን አስተካክሎ ይጨርሳል፤ አንዳንዱ ግን በመካከሉ ድምፁ ይታነቅና ሽማግሌው ተቀብሎ ይጨርስለታል። የቀድሞው አባት የነበረው ሥልጣን ሁሉ፥ የመስጠቱም፥ የመከልከሉም፥ ቀን የመቍረጡም፥ ከእጁ ወጥቷል፤ ይህ ምርቃት ግን ቀርቶለታል። ማንም ሕግ አልጠየቀውም፤ በማዘጋጃ ቤትም ሆነ በቤተ ክርስቲያን የተፈራረሙ ሙሽሮች ጋብቻቸው ያለ እርሱ የጸና ነው። ሆኖም ራሷ መርጣ፥ ራሷ ፈርማ፥ በራሷ ደመወዝ የምትኖር ልጅ ይህን ሳታገኝ ከደጁ መውጣት አትሻም። የሚፈራ አባት ሲመርቅ የሚያስፈራውን ያህል፥ ሳይፈራ የሚወደድ አባት ሲመርቅ ልቡና ይነካል።

መኪናዎቹ ጥሩምባ እየነፉ ከሄዱ በኋላ እንግዳው ቀስ በቀስ ይበተናል። በማግስቱ ድንኳኑ ይፈርሳል። ድንኳኑ የእድሩ ነውና «ሠርግና ሞት አንድ ነው» የሚባለው እዚህ ላይ በእርግጥ ይታያል፤ ትናንት የተዘፈነበት ሸራ በሌላ ሳምንት በሌላ ደጅ ለለቅሶ ሊተከል ይችላል። የእድሩ ዕቃ ጠባቂ መዝገቡን ይዞ ይመጣና ድስቱን፥ ሳህኑን፥ አግዳሚ ወንበሩን አንድ በአንድ ይቈጥራል። አባት አጠገቡ ቆሞ አብሮ ይቈጥራል፤ የጎደለ ጭልፋ ቢኖር ዋጋው በእርሱ ላይ ነው። እናትየው ደግሞ በውስጥ ቤት ለመልሱ ቀን የሚሆነውን ዶሮ ታስባለች፤ በዚያ ቀን ልጃቸው ባሏን ይዛ ወደ አባቷ ቤት እንደ እንግዳ ትመጣለችና።