በሃምሳ ዓመት ምክር በዶላር መግዛት ያዋጣል?

«ለጊዜው ነው» ብለን የያዝነው ሥራ ሃያና ሃያ አምስት ዓመት አስቆጥሯል። በ1995 እ.ኤ.አ. በመጀመሪያው የዲቪ ዕጣ አሜሪካ የገባ የ25 ዓመት ወጣት ዛሬ ሃምሳውን አልፏል። መምህር የነበረው ታክሲ ይነዳል፣ ሒሳብ ሠራተኛ የነበረችው በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች፣ ዲፕሎማው ከሻንጣ ሥር ተኝቷል። ብዙዎቻችን «ሁኔታው ሲለወጥ አገሬ እገባለሁ» እያልን የአገራችንን ለውጥ ስንጠብቅ በራሳችን ኑሮ ላይ ማድረግ የነበረብንን ለውጥ አሳድረነዋል። ለአገር ማሰብ ነውር አይደለም። ዕድሜ ግን አይጠብቅም።

ይህን ያወቁ ነጋዴዎች ደግሞ አሉ። ፌስቡክና ዩቲዩብ ሲከፈት «ላይፍ ኮች ነኝ፣ ካሪየር ኮች ነኝ፣ ሕይወትህን በ90 ቀን እቀይርልሃለሁ» የሚል ማስታወቂያ ይቀድማል። በእንግሊዝኛ ብቻ የነበረው አሁን በአማርኛም መጥቷል። ለመሆኑ ይህ ነገር ለጎልማሳ ሰው ይጠቅማል ወይስ ገንዘብ መጣያ ነው?

በመጀመሪያ ምንነቱን እንወቅ። ኮች የሥነ ልቦና ሐኪም አይደለም፤ በሽታ አይመረምርም፣ አያክምም። ሥራው ጥያቄ እየጠየቀ ደንበኛው ግቡን እንዲለይ፣ ዕቅድ እንዲያወጣና ያቀደውን መፈጸም አለመፈጸሙን መከታተል ነው። ኢንተርናሽናል ኮቺንግ ፌዴሬሽን የሚባል ማኅበር በ1995 ተቋቁሞ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ለዝቅተኛው ደረጃ 60 ሰዓት ሥልጠናና 100 ሰዓት ልምምድ ይጠይቃል። ነገር ግን የማኅበሩ ወረቀት በሕግ ግዴታ አይደለም። በአሜሪካ የሰው ፀጉር ቆርጦ ለመኖር የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የሰው ሕይወት አቃናለሁ ለማለት ግን ማንም ፈቃድ አይጠይቅም። ለአንድ ሰዓት 200 እና 300 ዶላር ማስከፈልም የተለመደ ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉንም አጭበርባሪ ብሎ መፈረጅ ፍትሐዊ አይሆንም። ቲቦም፣ ቤርስማና ቫን ቪያነን የተባሉ የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች በ2014 ከዚያ በፊት የተደረጉ ጥናቶችን አንድ ላይ አጠናቅረው ባወጡት ጽሑፍ፣ ኮቺንግ በሥራ ውጤት፣ ጭንቀትን በመቋቋምና ግብን በመከታተል ረገድ እንደሚረዳ አሳይተዋል። ልብ በሉ! ጥናቱ የተመለከተው በመሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሰጠውን ኮቺንግ ነው። ከሥራ ገበታው ላይ ሆኖ ወደ ላይ መውጣት የሚፈልግን ሰው የረዳ ነገር፣ ከበሩ ውጭ ለቆመው ስደተኛ በተመሳሳይ ይሠራል ማለት አይደለም።

የነገሩ ቁልፍም እዚህ ላይ ነው። ሰውን የሚይዘው እንቅፋት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ውስጥ ያለ ነው፤ መወሰን አለመቻል፣ ፍርሃት፣ «ከእንግዲህ አርጅቻለሁ፣ የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» ብሎ እጅ መስጠት፣ የጀመሩትን አለመጨረስ። ለዚህ ጥሩ ኮች ሊረዳ ይችላል። ሌላው ውጭ ያለ ነው፤ ፈቃድ፣ የዲፕሎማ እኩያነት፣ ቋንቋ፣ መነሻ ገንዘብ፣ የዕድሜና የዘር አድልዎ። ይህን ኮች አይከፍተውም።

የማይግሬሽን ፖሊሲ ኢንስቲትዩት በ2016 ባወጣው ጥናት መሠረት በአሜሪካ ኮሌጅ የጨረሱ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉ ስደተኞች ወይ ሥራ አጥ ናቸው፣ ወይ ሙያ በማይጠይቅ ሥራ ላይ ተሰማርተዋል። በዚህም ምክንያት በዓመት 39 ቢሊዮን ዶላር ደመወዝ ይታጣል ብሏል። እነዚህ ሁሉ ሰዎች ወኔ አንሷቸው ነው እንዴ? ከአገር ቤት የመጣች ነርስ ትምህርቷ ተገምግሞ፣ ኤንክሌክስ የሚባለውን ፈተና አልፋ ከክፍለ ግዛቱ ቦርድ ፈቃድ ማግኘት አለባት። ሐኪሙም የራሱ ረጅም የፈተናና የልምምድ መንገድ አለው። «በራስህ ተማመን» የሚል ምክር ከእነዚህ አንዱንም አይተካም። እንዲያውም ጉዳት አለው፤ የሥርዓቱን ጥፋት የግለሰቡ ድክመት አድርጎ ያሳየዋል፣ ሰውየውም ከፍሎ ራሱን ሲወቅስ ይኖራል። አድልዎ የደረሰበት ደግሞ ከኮች ይልቅ ሕግ ይጠቅመዋል። በ1967 የወጣው የፌዴራል ሕግ 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉት ድርጅት ውስጥ 40 ዓመት የሞላውን ሰው በዕድሜው ምክንያት ማግለልን ይከለክላል።

«የቸገረው እርጉዝ ያገባል» እንዲሉ፣ የተጨነቀ ሰው ለአጭበርባሪ ይመቻል። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2018 ሞቢ የተባለ የንግድ ኮቺንግ ድርጅት ላይ ክስ መሥርቶ ነበር። መግቢያው 49 ዶላር ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ደንበኛው ደረጃ በደረጃ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር እንዲከፍል ይገፋ ነበር። ኮሚሽኑ ድርጅቱ ከ125 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቧል ሲል ከሰሰ፤ በ2022 ለተበዳዮች የመለሰው ግን 23 ሚሊዮን ያህል ነው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው።

እንግዲህ ምን ይሻላል? ከመክፈል በፊት በነፃ ያለውን መጠቀም። በአሜሪካ ከሁለት ሺህ በላይ ጆብ ሴንተሮች አሉ፤ የሥራ ምክርና የሥልጠና መረጃ ያለ ክፍያ ይሰጣሉ፣ መሥፈርቱን ለሚያሟላም የሥልጠና ወጪ የሚሸፈንበት መንገድ አለ። ንግድ ለመጀመር ላሰበ ከ1964 ጀምሮ ያለው ስኮር ልምድ ያላቸውን ነጋዴዎች በነፃ አማካሪ አድርጎ ያገናኛል። አፕዋርድሊ ግሎባል ከውጭ ተምረው የመጡ ባለሙያዎችን ወደ ሙያቸው እንዲመለሱ ያግዛል። በ1983 የተቋቋመውና መቀመጫው አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ የሆነው የኢትዮጵያውያን ኮሚዩኒቲ ዴቨሎፕመንት ካውንስልም አለ። እንግሊዝ ያላችሁ ናሽናል ካሪየርስ ሰርቪስን ጠይቁ። ጀርመን ያላችሁ ደግሞ ከ2012 ጀምሮ የውጭ የሙያ ምስክር ወረቀት እንዲገመገም የመጠየቅ መብት የሚሰጥ ሕግ እንዳለ አትርሱ።

ይህን ሁሉ ሞክሮ፣ መንገዱን እያወቀ መነሳት ያቃተው ሰው ለጥቂት ቀጠሮ ኮች ቢቀጥር አይወቀስም። ግን ይጠይቅ፤ የት ሠለጠንክ? እንደ እኔ ያሉ ደንበኞችህን ማነጋገር እችላለሁ? ካልተስማማኝ ገንዘቤ ይመለሳል? የስድስት ወር ክፍያ በአንዴ የሚጠይቀውን፣ «ዛሬ ካልከፈልክ ዋጋው ይጨምራል» የሚለውን፣ ገቢህን እጥፍ አደርጋለሁ ብሎ የሚምለውን ይሽሸው። ለልጆች ኮሌጅ የተቀመጠ ወይም ለአገር ቤት ወላጅ የሚላክ ገንዘብ ለዚህ አይነካም። እንቅልፍ የነሳው፣ ሕይወት የመረረው ደግሞ ኮች ሳይሆን ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

አንድ ነገር ልጨምር። የተዘጋ በር በአዋጅ ሲከፈት አይተናል። ቴነሲ በ2023፣ ቨርጂኒያ ደግሞ በ2024 በውጭ አገር የተማሩና ፈተናውን ያለፉ ሐኪሞች የአሜሪካ ሬዚደንሲ ሳይጨርሱ በጊዜያዊ ፈቃድ መሥራት የሚችሉበትን ሕግ አውጥተዋል። ይህ የመጣው ሕግ አውጪዎችን በመወትወት እንጂ በግል ወኔ ብቻ አይደለም። ለአገር ጉዳይ ሰላማዊ ሰልፍ ወጥተን፣ ለኮንግረስ ደብዳቤ ጽፈን፣ የስልክ መስመር አጨናንቀን የምናውቅ ሰዎች ነን። ያንኑ ችሎታ ለነርሷም፣ ለመምህሩም፣ ለመሐንዲሱም ፈቃድ ብናውለው ማን ይከለክለናል? በየዕድራችንና በየኮሚዩኒቲ ማኅበራችን ፈተናውን ያለፈው ላላለፈው መንገዱን ቢያሳይ፣ በሰዓት 300 ዶላር የሚጠየቅበትን ምክር በአንድ ሲኒ ቡና ማግኘት ይቻላል።

ቸር ይግጠመን።